አባቴ የተወው አንድ ፋይል፣ መጨረሻው ኤም አይ ጂ ይላል፤ እንዴት ይከፈታል?

የሆጤዋ
ኅዳር 8/2018፣ ማታ 2፡40

ሰላም ናችሁ። ደሴ ነኝ፣ ሆጤ። ኮምፒውተር ላይ ብዙም አልገፋሁም፤ ወርድና ኤክሴል ለሥራዬ ያህል እችላለሁ። ስትመልሱልኝ ቀለል አድርጉልኝ።

አባቴ (አላህ ይዘንለት) መምህር ነበር። ጡረታ ሊወጣ ሲል አሮጌውን ኮምፒውተር ትቶ አዲስ ገዛ። ያን ጊዜ የድሮውን ዕቃ በሙሉ አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ አድርጎ ወደ አዲሱ አዞረው። ዲስኩን ግን አላጠፋውም፣ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጠው። በ2014 ጥቅምት ከደሴ ስንወጣ እናቴ የቤቱን ካርታና የልደት ሰርተፊኬቶቻችንን በያዘችበት ቦርሳ ውስጥ እሱንም ጨምራዋለች። ለምን ያዝሽው ስትባል መልሷ “የሱ ዕቃ ነዋ” ነው። ስንመለስ ኮምፒውተሩ የለም። ዲስኩ አለ።

ዲስኩ ላይ ያለው አንድ ፋይል ብቻ ነው፣ 11 ጊጋ ከምናምን። ስሙ ላይ በእንግሊዝኛ ዊንዶውስ ኢዚ ትራንስፈር የሚል አለው፣ መጨረሻው ነጥብ ኤም አይ ጂ። የኔ ላፕቶፕ ዊንዶውስ 10 ነው፤ ስነካው “በምን ልክፈተው” ብሎ መልሶ እኔኑ ይጠይቀኛል። እዚሁ ከተማ አንድ ኮምፒውተር ቤት ወሰድኩት። ልጁ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳያየው “ፋይሉ ተበላሽቷል፣ ዲስኩን ፎርማት ላድርግልሽና ሌላ ነገር ያዢበት” አለኝ። ነጥቄው ወጣሁ ብል ይቀላል። ታናሽ ወንድሜ መጨረሻውን ወደ ዚፕ ቀይሮ ሞከረ፣ እምቢ አለ፣ ወደነበረበት መልሰነዋል። ወደ 32 ጊጋ ፍላሽ ልገለብጠው ስልም “ፋይሉ ለዚህ በጣም ትልቅ ነው” ይለኛል። 32 ውስጥ 11 እንዴት አይገባም?

ሌላ ግራ የገባኝ፣ ፋይሉ የተሠራበት ቀን ማርች 2011 ይላል። አባቴ ያረፈው በ2009 ነው። ማን ነካው?

የምንፈልገውን ልንገራችሁ። አያቴ መንዙማ ስትል በካሴት የተቀዳች ነበረች፤ አባቴ አንድ ክረምት ሙሉ ቁጭ ብሎ ካሴቶቹን ወደ ኮምፒውተር ገልብጧል። ካሴቶቹ አሁን የሉም። ቀጥሎ ራሱ በወርድ የጻፈው የዘር ሐረጋችን አለ። ፎቶም አለ። ሌላው ቢቀር ይቅር።

—

ቦርከና_82
ኅዳር 8/2018፣ ማታ 3፡15

አላህ ይዘንለት። አብሽሪ፣ ፋይሉ አልተበላሸም። ቢበላሽ እንኳ አምስት ደቂቃ አይቶ የሚያውቅ ሰው የለም።

ኮምቦልቻ ነኝ፣ ፋብሪካ ውስጥ የኮምፒውተር ጥገና ላይ ነው የምሠራው። መጀመሪያ ቀኑን እንፍታው፤ 2011 ያለሽ የፈረንጆቹ ነው። ማርች 2011 በኛ የካቲት መጨረሻ ወይም መጋቢት 2003 ነው። አባትሽ ኮምፒውተር የገዛው ያኔ መሆኑን እናትሽን ጠይቂያት። ማንም አልነካውም።

ዊንዶውስ ኢዚ ትራንስፈር የማይክሮሶፍት የራሱ ዕቃ ማዛወሪያ ነበር። ከቪስታ ጋር መጣ፣ ዊንዶውስ 7 ላይ ብዙ ሰው ተጠቀመበት። ምክንያቱም ከኤክስፒ ወደ 7 በቀጥታ ማሳደግ አይቻልም ነበር፤ አዲስ መጫን ግድ ስለሆነ ዕቃህን አውጥተህ አስቀምጠህ መመለስ ነበረብህ። ያወጣውን ሁሉ፣ ፋይሉንም ቅንብሩንም፣ አንድ ላይ ጠቅልሎ ኤም አይ ጂ በሚባል አንድ ጥቅል ያስቀምጠዋል። ዊንዶውስ 10 ሲመጣ ፕሮግራሙን ጨርሰው አወጡት። ስለዚህ ያንቺ ላፕቶፕ የማያውቀው ፋይሉ ችግር ኖሮበት ሳይሆን ከፋቹ ስለሌለው ነው።

ፍላሹ ላይ ያልገባው ፋት 32 በሚባለው አሠራር ፎርማት ስለሆነ ነው። ፋት 32 ላይ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ መብለጥ አይችልም፣ ፍላሹ የፈለገ ባዶ ቢሆን። ፍላሹን (ፍላሹን ነው ያልኩት፣ ዲስኩን አይደለም!) ኤክስ ፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ አድርገሽ ፎርማት አድርጊው፣ ይገባል።

ከሁሉ በፊት ግን ኮፒ። አንድ ላፕቶፕሽ ላይ፣ አንድ ፍላሹ ላይ። ከዚያ ዲስኩን ነቅለሽ ወደ ነጠላው መልሺው፤ ከአሁን በኋላ የምንጫወተው በኮፒው ነው። ዲስኩ ሲሠራ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አለው? ካለው ምንም ሳትሞክሪ ንገሪኝ።

—

ዳውዶ
ኅዳር 8/2018፣ ማታ 3፡50

እህቴ ይሄ ቀላል ነው። “ኤም አይ ጂ ከፋች” ብለሽ ጎግል ላይ ፈልጊ፣ ነጻ ሶፍትዌር ሞልቷል። አውርደሽ መጫን ነው።

—

ሶፍት_ቤት
ኅዳር 9/2018፣ ጠዋት 1፡20

ዳውዶ አትቀየመኝና እንደዚህ ብላችሁ ነው የሰው ላፕቶፕ በቫይረስ የምትሞሉት። “ማንኛውንም ፋይል እከፍታለሁ” የሚሉት ግማሾቹ ምንም አይከፍቱም፣ ግማሾቹ ራሳቸው የሚከፈትላቸው በር የሚፈልጉ ናቸው። የማይክሮሶፍትን ጥቅል የሚከፍተው የማይክሮሶፍት መሣሪያ ነው።

የሆጤዋ፣ እኔ የማውቃቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። ቀላሉ ዊንዶውስ 7 ያለበት ኮምፒውተር ፈልጎ ማግኘት ነው። ደሴ ውስጥ ይጠፋል ብዬ አላምንም፤ ጽሕፈት ቤቶች ጋ ሂጂ፣ ያ ወፍራሙ ዴስክቶፕ አሁንም ማመልከቻ እየጻፈ ነው። ሁለተኛው ከአንድ ዊንዶውስ 7 ኮምፒውተር ሲስተም 32 ውስጥ ሚግዊዝ የሚባለውን ፎልደር (ኢዚ ትራንስፈር ራሱ ያለበትን) እንዳለ ገልብጦ ያንቺ ዊንዶውስ 10 ላይ ማስነሳት። እኔ ሁለቴ ሞክሬ ሁለቴም ሠርቶልኛል። ግን 64 ቢት ላፕቶፕ ከሆነ ፎልደሩም ከ64 ቢት 7 የመጣ ይሁን። ሦስተኛው ቨርችዋልቦክስ ጭኖ በላፕቶፕሽ ውስጥ ሌላ ዊንዶውስ 7 ማሳደር ነው፤ ለጀማሪ አልመክርም።

—

ቦርከና_82
ኅዳር 9/2018፣ ጠዋት 2፡05

ሚግዊዙ ላይ ትንሽ እለያለሁ። ይሠራል፣ አዎ። ነገር ግን መሣሪያው የተሠራው ፋይል ብቻ ሊያወጣ አይደለም፤ የድሮውን ኮምፒውተር ቅንብርና የተጠቃሚ ስም ጭምር አሁን በምትሠሪበት ላፕቶፕ ላይ ሊያስገባ ነው። የሰው የዕለት መሥሪያ ላፕቶፕ ላይ የ2003ን ቅንብር ምን አመጣው? ባዶ የሆነ፣ ቢበላሽ የማይቆጭ የ7 ማሽን ይሻላል። ኢንተርኔት ግን አይሰካበት፤ ዊንዶውስ 7 ከጃንዋሪ 2020 ወዲህ ጥገና የለውም።

ባዶ ቦታም እዪ። 11 ጊጋ ጥቅል ሲፈታ ቢያንስ ያንኑ ያህል ሌላ ቦታ ይፈልጋል።

—

ሶፍት_ቤት
ኅዳር 9/2018፣ ጠዋት 2፡12

እሺ እዚህ ላይ ልክ ነህ። ቅንብሩን የሚያስቀር ምርጫ አለው ግን፣ “ከስተማይዝ” ላይ ምልክቱን ማንሳት ነው።

—

ሐረጎ_ላይ
ኅዳር 9/2018፣ ቀን 6፡30

ይቅርታ ክሩን ላቋርጥና፣ እኔም ተመሳሳይ ነገር አለኝ። ግን የኔ ፎልደር ነው፣ ውስጡ ዳት የሚሉ ፋይሎች ናቸው፣ ከኤክስፒ ነው የወጣው። በዚሁ ይከፈታል?

—

ቦርከና_82
ኅዳር 9/2018፣ ቀን 7፡00

አይከፈትም። ያ የኤክስፒ የራሱ የድሮው ማዛወሪያ ነው፣ ስሙም አሠራሩም ሌላ። ለብቻው ጥያቄ ክፈትለት ወንድሜ፣ እዚህ ከተደባለቀ እህታችን ትሳሳታለች።

—

የሆጤዋ
ኅዳር 11/2018፣ ማታ 1፡10

አላህ ይስጣችሁ። እናቴን ጠየቅኳት፤ ኮምፒውተሩ በ2003 መጋቢት ነው የተገዛው፣ እሷማ ዋጋውን ሳይቀር አልረሳችም፣ እስካሁን ትቆጫለች። ዲስኩ ድምፅ የለውም። ኮፒ አድርጌ መልሼ ጠቅልዬዋለሁ።

ሰኞ ገበያ አካባቢ አንዲት ጽሕፈት ቤት ያላት ጎረቤታችን ዊንዶውስ 7 አላት። መብራት ሁለቴ ጠፍቶብን ሦስተኛው ላይ ከፈትነው። ፋይሉን ሁለቴ ስነካው እውነትም ራሱ አወቀው! ደስ ብሎኝ ጮህኩ። ከዚያ ፓስወርድ አለኝ።

የእኔን ስም፣ የወንድሞቼን፣ የእናቴን፣ የልደት ዓመት፣ ስልክ ቁጥር፣ ሁሉንም ሞከርን። የለም። ፓስወርዱን የሚሰብር ነገር ይኖራል?

—

ቦርከና_82
ኅዳር 11/2018፣ ማታ 1፡45

እዚህ ላይ ልዋሽሽ አልችልም። ሲቀመጥ ፓስወርድ መስጠት ግዴታ አልነበረም፣ ከተሰጠ ግን “ረሳሁት” የሚል በር የለውም። በገንዘብ እሰብራለሁ የሚልሽ ካለ ብርሽን ያዢ። ያለው መንገድ መገመት ነው። ትልቅና ትንሽ ፊደል እንደሚለይ አትርሺ፣ ስሞቹን በእንግሊዝኛ ፊደል በተለያየ አጻጻፍ ሞክሪ። የአባትሽ ማስታወሻ ደብተር፣ የዕቁብ ደብተር፣ የመጻሕፍት የውስጥ ሽፋን… የዚያ ዘመን ሰው የሆነ ቦታ ጽፎታል።

—

ጡረተኛው
ኅዳር 12/2018፣ ጠዋት 3፡30

ልጄ፣ እኔ እዚህ የማነብ እንጂ የምጽፍ አይደለሁም። ነፍሱን በገነት ያኑርልኝና፣ አባትሽ መምህር ነበር ስላልሽ አንድ ነገር ልበል። እኔም በወሎ ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ።

እኛ “ፓስወርድ አምጡ” ስንባል የልጅ ስም አንሰጥም ነበር። ኮምፒውተሩን የሚነካካው ልጁ ነው፣ የገዛ ስሙን ደግሞ ያውቃላ! እኔ የማደርገው የትምህርት ቤታችንን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነበር። ሃያ ዓመት በደብዳቤ ራስጌ ላይ ስጽፈው ስለኖርኩ በእንቅልፍ ልቤም አልስተውም። ባልደረቦቼም እንደዚያው ነበሩ፤ አንዱ የፖስታ ሣጥን፣ አንዱ የደመወዝ መክፈያ ቁጥሩን። የድሮ ደብዳቤ ካላችሁ ራስጌውን እዪው።

—

የሆጤዋ
ኅዳር 13/2018፣ ማታ 2፡20

ጋሼ!!! እጅዎን ልሳም!

እናቴ የዝውውር ደብዳቤውን ከዚያችው ቦርሳ አወጣችልኝ፤ ራስጌው ላይ ፖ.ሣ.ቁ. አለ። ቁጥሩን ብቻ ስንሞክር እምቢ አለ። ቁጥሩ ፊት ደሴ የሚለውን በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደል ስንጨምርበት ተከፈተ። ጎረቤቴ እልል አለች፤ ሰው ማመልከቻ ሊያስጽፍ ገብቶ ምን ተፈጠረ ብሎ ቆመ።

ሪስቶር ካልን በኋላ መጀመሪያ ዴስክቶፑ ላይ ምንም ስላልመጣ ደንግጠን ነበር፤ ለካ ለአባቴ በስሙ አዲስ አካውንት ተከፍቶለት ዕቃው እዚያ ውስጥ ነው። ፎቶዎቹ አሉ! የተማሪዎቹ፣ የእናቴ በወጣትነቷ፣ ጦሳ ላይ ሽርሽር የሄዱበት።

ሁለት ችግር ቀርቶኛል። አንደኛ፣ የዘር ሐረጉ ፋይል ይከፈታል ግን ጽሑፉ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ነው፣ አንድ ቃል አይነበብም። ይሄስ ተበላሽቷል? ሁለተኛ፣ መንዙማው የለም። የሙዚቃ ፎልደሩ ውስጥ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጡት ናሙናዎች ብቻ ናቸው። ሁሉንም ፎልደር አየሁ። እናቴ “ካለ አለ፣ ከሌለም አልሐምዱሊላህ” ትላለች፣ ፊቷ ግን ሌላ ነው የሚለው።

—

ሶፍት_ቤት
ኅዳር 13/2018፣ ማታ 2፡50

ጽሑፉ ደህና ነው፣ አትንኪው! ይሄ የፊደል ጉዳይ ነው። ያኔ ብዙ ሰው የሚጽፈው በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ ነበር፣ በድሮዎቹ። ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ሥርዓት) የግዕዝ ፊደልን በ1999 እ.ኤ.አ. ቢቀበልም መሥሪያ ቤትና ጽሕፈት ቤት ለብዙ ዓመት በድሮው ቀጥሏል። እነዚያ ሶፍትዌሮች የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ወስደው የአማርኛ ቅርጽ ይሥሉበታል። ፎንቱ ከሌለ ከሥር ያለው እንግሊዝኛ ብቅ ይላል።

ጽሑፉን ምረጪና ወርድ ላይ የፎንት ስም የሚጻፍበትን ሣጥን ተመልከቺ። ፎንቱ ኮምፒውተሩ ላይ ባይኖርም ስሙን ይነግርሻል። ያንን ፎንት ስትጭኚ ጽሑፉ ራሱ አማርኛ ይሆናል። እዚያችው ጽሕፈት ቤት ውስጥ የመኖሩ ነገር ዘጠና ከመቶ ነው። በፍጹም ግን ሁሉንም መርጠሽ ወደ ኒያላ (የዩኒኮዱ ፎንት) አትቀይሪና ሴቭ አትበይ። ሲነበብልሽ መጀመሪያ አትሚው፣ ቀጥሎ በፒዲኤፍ አስቀምጪው። ወደ ዩኒኮድ መገልበጡ ኋላ ይደርሳል።

—

ቦርከና_82
ኅዳር 13/2018፣ ማታ 3፡30

መንዙማው ላይ አንድ ሒሳብ እንሥራ። የወጣው ዕቃ ጠቅላላ ስንት ጊጋ ነው? የአባትሽን ፎልደር በቀኝ ነክተሽ ፕሮፐርቲስ በይ። ካሴቶቹስ ስንት ነበሩ፣ ስንት ደቂቃ?

—

የሆጤዋ
ኅዳር 13/2018፣ ማታ 3፡55

3 ጊጋ ትንሽ ፈሪ። ካሴቶቹ ዘጠኝ ነበሩ፣ እናቴ ባለ 90 ናቸው ትላለች።

—

ቦርከና_82
ኅዳር 13/2018፣ ማታ 4፡10

እንግዲያው እዚያው ውስጥ ነው። ወላሂ!

ካሴት በኬብል ወደ ኮምፒውተር ሲቀዳ ብዙውን ጊዜ ዌቭ (ያልታመቀ የድምፅ ፋይል) ሆኖ ነው የሚቀመጠው። በሲዲ ጥራት ከሆነ በደቂቃ 10 ሜጋ ያህል ይወስዳል። 90 ደቂቃ ወደ 900 ሜጋ፣ ዘጠኝ ካሴት ወደ 8 ጊጋ። ጥቅሉ 11፣ የወጣው 3። የጎደለው ስንት ነው?

የሚመስለኝ ይህ ነው። የአባትሽ አሮጌ ኮምፒውተር ዲስክ ሲ እና ዲ ተብሎ ተከፍሎ ነበር፤ ቤት ውስጥ ሁላችንም ትልቅ ነገር ዲ ላይ ነበር የምናደርገው። የጎረቤትሽ ማሽን ዲ ከሌለው የዚያ ክፍል ዕቃ የሚያርፍበት አላገኘም ማለት ነው። እንደገና ፋይሉን ክፈቺ፣ ፓስወርዱን ስጪ። ምን ይውሰድ ብሎ ሲዘረዝርልሽ “ሼርድ አይተምስ” የሚለው ሥር ከስተማይዝ፣ ከዚያ አድቫንስድ፤ የዲ ፎልደሮች ተዘርዝረው ታያለሽ፣ ምልክት ይኑራቸው። ወደኋላ ተመልሰሽ ታችኛው አድቫንስድ ኦፕሽንስ ላይ ድራይቮቹን የምታዛምጂበት ገጽ አለ፤ የድሮውን ዲ ወደ አሁኑ ሲ አድርጊው።

—

ዳውዶ
ኅዳር 13/2018፣ ማታ 4፡15

ይሄን ክር እንደ ተከታታይ ድራማ ነው እየተከታተልኩ ያለሁት። ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትከፍቺው?

—

የሆጤዋ
ኅዳር 15/2018፣ ማታ 2፡00

እንዳልከው ነው። ዲ አልነበራትም። ዝርዝሩ ላይ “ካሴት” ተብሎ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ፎልደር ነበር፣ ውስጡ አስራ ስምንት ፋይል፣ ሀና ለ እየተባለ። አባቴ የካሴቱን ሁለት ገጽ እንኳ ለይቶ ነው ያስቀመጠው።

ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ አልከፈትኩትም። ፍላሽ ላይ ይዤው ቤት ገባሁ። እናቴ ቡና አቅርባ ነበር፣ ቶናው ላይ ደርሰናል። የመጀመሪያውን ስከፍተው አያቴ ገና አልጀመረችም፤ ሙቀጫ ይሰማል፣ ሕፃን ያለቅሳል። ከዚያ የአባቴ ድምፅ፣ ወጣት ሆኖ፣ “አንድ ጊዜ ዝም በሉ፣ እየተቀዳ ነው” ይላል። አያቴ “አንተ ራስህ ዝም ካላልክ” አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እናቴ ሲኒውን አስቀመጠችና “ያ የሚያለቅሰው ወንድምሽ ነው” አለችኝ።

መንዙማውን ያን ቀን አልጨረስነውም።

የዘር ሐረጉም ተነቧል፣ ፎንቱ ጎረቤቴ ጋ ተገኘ። ሰባት ትውልድ ነው የጻፈው። አራተኛው ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጎ “ቦረና ሄዶ የሚጠየቅ” ብሎ ትቶታል።

—

ጡረተኛው
ኅዳር 15/2018፣ ማታ 3፡10

እሰይ። ቦረና ስትሄጂ ሽማግሌ ቀድሞ ሳያልቅብሽ ሂጂ።

—

ቦርከና_82
ኅዳር 16/2018፣ ጠዋት 1፡30

አልሐምዱሊላህ። ዌቮቹን እንዳሉ አስቀምጪ፣ ለዘመድ የምትልኪውን ግን ወደ ኤምፒ 3 ቀይረሽ ላኪ፤ ስምንት ጊጋ በዳታ ብትልኪ አክስቶችሽ ይረግሙሻል። ከኮፒዎቹ አንዱ ከደሴ ውጭ ይደር። ለምን እንደሆነ አንቺን አላስረዳሽም።

—

የሆጤዋ
ኅዳር 16/2018፣ ጠዋት 2፡00

አንዱ ኮምቦልቻ እህቴ ጋ ወርዷል። ሌላው አዲስ አበባ ይሄዳል። ዲስኩ ነጠላው ውስጥ ነው፣ እናቴ ለማንም አትሰጥም።

—

ሐረጎ_ላይ
ኅዳር 16/2018፣ ቀን 5፡45

እንኳን ደስ አላችሁ። ሶፍት_ቤት፣ ያን የ64 ቢቱን ሚግዊዝ ፎልደር ልትሰጠኝ ትችላለህ? የአጎቴም ኤም አይ ጂ ፋይል ተገኘ፣ ፓስወርድ የለውም።

—

ሶፍት_ቤት
ኅዳር 16/2018፣ ቀን 6፡10

ሰኞ ጠዋት ፒያሳ ነኝ። ፍላሽህን ይዘህ ና። ባዶ አድርገው፣ የአንተ ፍላሽ ባለፈው ሾርትከት ቫይረስ ነበረበት።